ጀናዛው «ዐስር» ነው ወይስ «አስር»? በየትኛው ፊደል እንጻፍ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በቅርቡ እዚህ አዘና አንዲት እናታችን ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይማራቸው፣ ቀብራቸውንም ያስፋላቸው። ሩሓቸው የወጣው በማለዳ ነበር። ከጀማዓችን አንዱ ወጣት ወዲያው ስልኩን አወጣና ለዘመድ አዝማድ ሁሉ መልእክት በተነ። መልእክቱ አማርኛ ነው፤ የተጻፈበት ፊደል ግን ላቲን። የሶላቱን ጊዜ የሚናገረው ቃል አራት ፊደል ነበረ፦ ኤ፣ ኤስ፣ አይ፣ አር።

ልጁ ማለት የፈለገው «ዐስር» ነው፤ ጀናዛው ከዐስር ሶላት ጋር ይሰገዳል ለማለት። ዳንግላ የሚሠራው፣ እኚህ እናት ያሳደጉት የእህታቸው ልጅ ግን «አስር» ብሎ አነበበው። አስር ሰዓት። ቢደወልለትም ስልኩ አልገባ አለ፤ በእጁ ያለው ያችው መልእክት ብቻ ነበረች። ሰዓቱን አስልቶ ተነሣ። አዘና ሲደርስ አስር ሰዓት ትንሽ አልፏል። እኛ ዐስርን ሰግደን፣ የጀናዛውንም ሶላት ሰግደን፣ መቃብር ወጥተን አፈር እያለበስን ነበር።

ቀብሩ ላይ ቆሞ ሰገደላቸው። ሸሪዓችን ይህን ይፈቅዳል፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ትጠርግ ለነበረችው ሴት ቀብሯ ድረስ ሄደው መስገዳቸው በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ልጁ ሰግዶ ሲጨርስ ግን አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «ቃሬዛዋን ሳልሸከም ቀረሁ።» ከመካከላችን መልስ የሰጠው አልነበረም።

መልእክቱን የጻፈው ወጣት በዚያ ማታ መስጂድ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ አየነው። ልንወቅሰው አሰብን። ቆይተን ስናስበው ግን ወቀሳው ወደ ራሳችን ዞረ። እኛ በመስጂዱ የምናገለግልና ልጆች የምናስቀራ ሰዎች ስለ ፊደል ምን አስተማርናቸው? አሊፍ ባን አስተማርን፤ ደግ አደረግን። ከዚያ ውጭ ላለው ጽሑፍ ግን ዝም አልን። አንዳንዶቻችንም ዝም ከማለት የባሰ ተናግረናል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንደ ጀማዓ ምክክር አንብቡልን።

በማግሥቱ የወጣቶቻችንን የስልክ መልእክቶች አብረን አየን። አንዱ አማርኛን በላቲን ይጽፋል። ሌላው ሰላምታውንና ዱዓውን በዐረብኛ ፊደል ጽፎ ቀሪውን በላቲን ይቀጥላል። ሦስተኛው በፊደላችን ይጽፋል። አራተኛው ሁሉም ሰልችቶት ድምፁን ቀድቶ ይልካል። አምስት ሰዓት ሙሉ የቆየ ክርክርም ተነሣ። አንዱ «ለሙስሊም የሚገባው የዐረብኛ ፊደል ነው» አለ። ሌላው «ሀ ሁ የቤተ ክርስቲያን ፊደል ነው፤ ለእኛ ብድር ነው» አለ። አንዲት እህት ደግሞ «ኡስታዝ፣ ላቲን ይቀለናል፤ ይኸው ነው» አለችን። ሦስቱም በቅንነት የተናገሩ ናቸውና ለሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

በብድሩ ነገር እንጀምር። የግዕዝ ፊደል መነሻው ከቀይ ባሕር ማዶና ወዲህ ከነበረው የደቡብ ዐረቢያ ጽሕፈት ነው። ክርስትና የአክሱም መንግሥት ሃይማኖት ከመሆኑ በፊት በአገራችን ይጻፍበት ነበር። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ንጉሥ ዒዛና አንዱን የድል ታሪኩን በድንጋይ ሲያስቀርጽ በግሪክኛ፣ በግዕዝ ፊደል፣ ደግሞም በደቡብ ዐረቢያው ፊደል አድርጎ ነው። አንድ ንጉሥ፣ አንድ ድንጋይ፣ ሦስት ፊደል! አንባቢው ብዙ ዓይነት መሆኑን ያውቅ ነበርና። እርግጥ ነው፣ ፊደሉን ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀው፣ ብራና ዳምጠው፣ ቀለም በጥብጠው ያቆዩልን የቤተ ክህነት ሰዎች ናቸው። ለዚህ ማመስገን ይገባል። የጠበቀውን ማመስገን ግን ከባለቤትነት አያስወጣንም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ቁርኣን የተጠረዘበትን መጽሐፍ ሁላችንም «ሙስሐፍ» እንላለን። ኢማም ሱዩጢ በ«ኢትቃን» ባሰፈሩት ዘገባ መሠረት፣ ቁርኣን በአንድ ላይ ሲሰበሰብ ምን ተብሎ ይጠራ የሚል ምክክር በሶሓቦች መካከል ተነሥቶ፣ ይህ ስያሜ በሐበሻ ምድር ከታየ መጽሐፍ ጋር ተያይዞ ተነሥቷል። የቋንቋ ሊቃውንትም ቃሉን ከግዕዙ «መጽሐፍ» ጋር ያዛምዱታል። እንግዲህ የጽሕፈታችን ቃል ያን ያህል ቀድሞ ከኛ ቤት ከደረሰ፣ ፊደሉን «የሰው ነው» ብለን መግፋታችን ምን ያህል ተገቢ ነው?

ሌላም አለ። የአማርኛ ተማሪ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ ድምፃቸው አንድ ሆኖ ሳለ ሦስት መሆናቸው ለምንድን ነው?» ብሎ ሲያማርር ትሰማላችሁ። የመድረሳ ልጅ ግን መልሱ በጉሮሮው ውስጥ አለ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ የሚባሉት ዐረብኛው ሃእ፣ ሓእ እና ኻእ ብሎ የሚለያቸው ድምፆች ናቸው። አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ ደግሞ ሀምዛና ዐይን። ፀሐዩ ፀ በጥንቱ ግዕዝ የዷድ ዘመድ ነው፤ ለዚህም ነው «ፀሐይ» እና «ዱሓ» አንድ ሥር ያላቸው። አማርኛ ሲነገር ልዩነቱ ጠፋ፤ ፊደሉ ግን አልረሳውም። ዛሬ «ሐላል»ን በሐመሩ ሐ፣ «ዒልም»ን በዐይኑ ዐ ስንጽፍ ፊደሉን ወደ ጥንት ሥራው እየመለስነው ነው። ቁርኣንን በአማርኛ ተርጉመው በ1961 ዓ.ም. ያሳተሙት ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የአላህን ቃል መልእክት ለሕዝቡ ያደረሱት በዚሁ ፊደል ነው። ያ ትርጉም ስንት ሰው ቤት ገብቷል! ስንት እናት ጎረቤቷን ጠርታ አስነብባዋለች!

ወደ ዐረብኛው ፊደል እንምጣ። «ለሙስሊም የሚገባው እሱ ነው» ያለው ወንድማችን ባዶ ሜዳ ላይ አልቆመም። አባቶቻችን በወሎ፣ በሐረር፣ በአርጎባና በሌሎችም አካባቢዎች የየራሳቸውን ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል፤ «ዐጀሚ» የምንለው ይህ ነው። የአርጎባው ሸይኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር የአማርኛ መንዙማቸውን በዚህ መንገድ አቆይተዋል። የሐረር ሰዎችም ቋንቋቸውን በዐረብኛ ፊደል ከጻፉ መቶዎች ዓመታት አልፈዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቀሩት በቂርኣት ቤት ነው፤ ለውሑ ላይ የለመዱት ፊደል ያ ነው፤ አንባቢያቸውም ያንኑ የተማረ ደረሳ ነው። በሌላ አነጋገር አንባቢያቸውን ያውቁ ነበር።

ነገር ግን ዐረብኛ የተሠራው ለዐረብኛ ነው። ጨ፣ ጰ፣ ጠ፣ ኘ የሚሉ ድምፆች ሲመጡ ጸሐፊው ነጥብ ይጨምራል፣ ወይም ያለውን ፊደል አቻችሎ ይጠቀማል። አናባቢው ሲበዛም ይቸገራል። ሐረርጌ ውስጥ የነበሩት ታላቁ ዓሊም ሸይኽ በክሪ ሳጳሎ የዐረብኛ ሊቅ ነበሩ፤ በኦሮምኛም ግጥም ይገጥሙ ነበር። የዐረብኛው ፊደል የኦሮምኛን ድምፅ አልሸከም ሲላቸው እ.ኤ.አ. በ1956 ከራሳቸው አእምሮ አዲስ ፊደል ፈጠሩ። ባለሥልጣናት ከለከሏቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በስደት ሶማሊያ ውስጥ ሞቱ። ረሒመሁላህ። እኚህ ሰው ዲናቸው ላልቶ አልነበረም። የእናታቸው ቋንቋ ሳይጎድል ሳይጨመርበት እንዲጻፍ ስለፈለጉ ነበር።

ፊደል ብቻውን ቃልን ቅዱስ አያደርግም። ሐሜት በዐረብኛ ቢጻፍም ሐሜት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘይድ ኢብን ሣቢትን (ረ.ዐ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት፤ ከእነሱ የሚመጣውን ደብዳቤ እንዲያነብላቸው፣ መልሱንም እንዲጽፍላቸው። ዘይድ ግማሽ ወር ባልሞላ ጊዜ ተማረው። ይህ ዘይድ በኋላ ቁርኣንን እንዲሰበስብ አደራ የተሰጠው ያው ዘይድ ነው! የሌላን ሕዝብ ፊደል መማሩ ለዚህ አደራ ያበቃውን ታማኝነት አልቀነሰበትም።

ይህን ስንል ሌላኛው ጫፍ ላይ እንዳትወድቁ። ቁርኣንን በራሱ ፊደል ተማሩ። ሱራዎችን በሀ ሁ ጽፈው የሚሸመድዱ ወጣቶች አሉ። ለጀማሪ ለጥቂት ቀን ምርኩዝ ቢሆን እንጂ መኖሪያ አይሆንም፤ ብዙ ዑለማዎችም ቁርኣን ከዐረብኛ ውጭ በሆነ ፊደል እንዳይጻፍ ከልክለዋል። ምክንያቱን በሁለት ቃል እናሳያችሁ። በዐረብኛ «ስም» የሚለውም፣ «ወንጀል» የሚለውም ቃል በእኛ ፊደል ሲጻፍ «ኢስም» ነው። ሲንና ሣእ ተለይተው ሳለ እኛ ጋ ሁለቱም ሰ ሆኑ። የፋቲሓ መጨረሻ ላይ ያለው ዷድ ተራ ደ ሆኖ ከተነበበ ደግሞ «የተሳሳቱት» የሚለው «መንገድ የሚያመለክቱት» ወደሚል ይዞርባችኋል። በቀን 17 ረከዓ የምናነበው ሱራ ነው። ለዚህ ፊደላችን አልተሠራም፤ ዐረብኛም ለአማርኛ እንዳልተሠራ ሁሉ።

አሁን ወደ ላቲኑ። እህታችን «ይቀለናል» ያለችው እውነት ነው። ስልኩ ሲገዛ ላቲኑ ተጭኖበት ይመጣል። ጅዳና ሪያድ ያሉት እህቶቻችንም የለመዱት እሱን ነው። ላቲን ሐራም ነው የሚል ካለ ከእኛ አልሰማም። ኦሮምኛ ተናጋሪ ወንድሞቻችን ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቁቤ ይጽፋሉ፤ ቁቤ ግን ሕግ አለው። ረጅሙ አናባቢ በሁለት ይጻፋል፣ የጠበቀው ተነባቢ ይደገማል፣ ጠ እና ቀ የየራሳቸው ምልክት አላቸው። ልጁም ትምህርት ቤት ተምሮታል። እኛ አማርኛን በላቲን ስንጽፍ ግን ሕግ የለንም፤ እያንዳንዳችን የራሳችንን ፊደል እየፈጠርን ነው። «አባትህ መጣ» እና «አባትህ መታ» አንድ ይሆናሉ። «ጠራ» እና «ተራ» አንድ ይሆናሉ። ዐረብኛው «ቀልብ» ልብ ነው፣ «ከልብ» ውሻ ነው፤ በችኮላ ላቲን ሁለቱም በአንድ ፊደል ተጽፈው አይተናል። «አላህ ቀልብህን ያጽና» ብሎ የጻፈው ወንድም ምን እንዳለ ልብ አላለውም!

«ይቀለናል» ስትሉ «ለማን?» ብለን እንጠይቃችሁ። የሚጽፈው አንድ ሰው ነው፤ የሚያነቡት ሃምሳ ናቸው። ለአንዱ የቀለለው ለሃምሳው ከከበደ ቀለለ አይባልም። እናቶቻችን ብዙዎቹ ማንበብ የተማሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ወይም ከዚያ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ያ ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ሁሉም በዚሁ ፊደል ነበር። ልጅቷ ከጅዳ በላቲን የላከችውን መልእክት እናት ይዛ ወደ ጎረቤት ልጅ ትሄዳለች። የግል ጭንቀቷን፣ የልጇን ምሥጢር ሦስተኛ ሰው ያነብላታል። ይህ አማና አይደለምን?

ድሮ ምክንያት ነበረን፤ ስልኩ ፊደላችንን አያውቅም ነበር። ፊደላችን ግን በኮምፒውተር ዓለም መለያ ቁጥር (ዩኒኮድ) ውስጥ ከገባ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዓመታት ተቆጥረዋል። ዛሬ የአማርኛ መጻፊያ በነፃ ይጫናል፤ ሳምንት ብትለማመዱበት እጃችሁ ይፈታል።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም ሊያርመን ይችላል። «የግዕዝ ሊቅ ብትጠይቁ ቁጥሩም ዐሥር ተብሎ በዐይኑ ዐ ነው የሚጻፈው» ይለናል። ልክ ነው፤ ግዕዙ «ዐሠርቱ» ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ሶላቱንም በአልፋው አ ይጽፈዋል። ስለዚህ ፊደል ብቻውን አያድነንም። «ከዐስር ሶላት በኋላ፣ 9:50 ላይ» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ማንንም ከጀናዛ አያስቀርም። የጀናዛ ሶላት የሰገደ አንድ ቂራጥ፣ እስከሚቀበር የቆየ ሁለት ቂራጥ አጅር እንዳለው፣ ቂራጡም እንደ ትልቅ ተራራ መሆኑን በሐዲስ ሰምተናል። በአራት ፊደል ምክንያት ወንድማችንን ተራራ አሳጣነው። ነገሩን ቀላል አታድርጉት።

የመጨረሻው ነገር የሚያሳፍረን ነው። እስካሁን ስለ አማርኛ፣ ስለ ዐረብኛ፣ ስለ ላቲን አወራን። እኛ ያለነው ግን አዊ ምድር ነው። ገበያው አዊኛ ይናገራል። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ ሲያለቅሱም ሲመርቁም በአዊኛ ነው። በዞናችን ልጆች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዊኛን ማንበብና መጻፍ ይማራሉ፤ የሚጻፈውም በዚሁ በሀ ሁ ነው። ከወጣቶቻችን መልእክቶች ውስጥ በአዊኛ የተጻፈ ስንፈልግ አንድም አላገኘንም። ከመስጂዱ በር ላይ የለጠፍናቸውን ማስታወቂያዎችም አየን፤ የረመዳን ሰዓት፣ የዘካ ጥሪ፣ የቂርኣት ምዝገባ። ሁሉም አማርኛ ብቻ! አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኢብራሂም መልእክተኛን ሁሉ በሕዝቦቹ ቋንቋ እንደላከ፣ ይህም እንዲያብራራላቸው መሆኑን ነግሮናል። በሱረቱ ሩም ደግሞ የቋንቋዎቻችንን መለያየት ከተዓምራቱ አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ይህን በኹጥባ ስንት ጊዜ አልን! በራችን ላይ ግን አልጻፍነውም።

በአዊ ምድር ሙስሊሞች ቁጥራችን ጥቂት ነው። ጎረቤታችን በመስጂዱ በር ሲያልፍ የራሱን ቋንቋ አይቶ ቢያነብ፣ እነዚህ ሰዎች የኛው ናቸው ይላል። ካላየ ደግሞ ከሌላ አገር መጥተው የሰፈሩ ይመስለዋል። እውነቱ ግን አያቶቻችን እዚሁ አፈር ውስጥ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት ልጃችንን ጠርተን የቂርኣት ምዝገባ ማስታወቂያውን በአዊኛ እንድትጽፍልን ጠየቅናት። ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብላ ጻፈችው። ጮክ ብላ ስታነበው በረንዳው ላይ የነበሩ ሽማግሌዎች አንዱን ቃል አልተቀበሉም፤ «እንዲህ ነው የሚባለው»፣ «የለም፣ ያ የወዲያ ማዶ አነጋገር ነው» እያሉ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። ቋንቋቸው በጽሑፍ ሲቀርብ ሲከራከሩበት ያየነው ያን ቀን ነው። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ሰርዛ ጻፈችው። አሁን በሩ ላይ አማርኛው አጠገብ ተለጥፏል።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ምክራችን ይህ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት «ማን ያነበዋል?» በሉ። ቁርኣናችሁን በዐረብኛው፣ በራሱ ፊደል ያዙት። የአያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ በዐጀሚ የተጻፈ ወረቀት ካለ አይጥና እርጥበት ሳይጨርሰው ለሚያነብ ሰው አሳዩት፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሡት። የሞት፣ የኒካሕ፣ የዘካ መልእክት በፊደላችን ተጽፎ፣ ሰዓቱም በቁጥር ይቀመጥ። አዊኛ የምትችሉ አዊኛ ጻፉ፤ የማትችሉ ከታናናሾቻችሁ ተማሩ። ከጓደኛችሁ ጋር በላቲን ብትቀልዱ የሚከለክላችሁ የለም።

መልእክቱን የጻፈው ወጣት ዛሬ የጀማዓው ማስታወቂያ ጸሐፊ ሆኗል፤ ራሱ ጠይቆ ነው የተሾመው። ከዳንግላ የመጣውንም ወንድማችንን ሄዶ ዐውፍ ብሎታል፤ እሱም ዐውፍ ብሎታል። ለእኚያ እናታችን ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ሁሉ ዱዓ አድርጉላቸው። አላህ ቀብራቸውን ብርሃን ያድርግላቸው፤ እኛንም ጠቃሚ ዒልምን የምናስተላልፍ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ